ያረምኩት የስንብት ደብዳቤ

ባለፈው ወር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከዋጫ ስልክ ደወለችልኝ። አሁን እሷም እንደ እኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ክፍል ውስጥ ክርክር ተነስቶባት ኖሮ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ጠየቀችኝ። ፍቅረኛሞች ሲለያዩ እንግሊዞቹ «ብሬክ አፕ» የሚሉት ነገር አለ፤ ስሙ የሚጠራ ሰው ካለ «ዊዝ» ይግባበት ወይስ አይግባበት?

ነገርኳት። «ተለያየን» ለማለት ከሆነ «ብሬክ አፕ» ብቻውን ይበቃል። «እገሌን ተውኩት» ለማለት ከሆነ ግን ከእገሌ ስም በፊት «ዊዝ» የግድ ነው። እሱን ከዘለሉት ሰውዬውን እንደ ሸክላ የሰባበሩት ይመስላል። ሳቀች። ለተማሪዎቿም እንዲሁ እንደምትነግራቸው ተናግራ፣ አመስግና ዘጋችው።

እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ብዙ ተቀመጥኩ። ያችን «ዊዝ» ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ሰው ደብዳቤ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስገብቻታለሁ። ደብዳቤው የተጻፈው ለእኔ ነበር። የጻፈውም በኋላ ባሌ የሆነው ሰው ነው። ካረፈ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ከዚያ ስልክ ወዲህ ይህን በቀን ግማሽ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር እየጻፍኩ ነው። የምቸኩልበት ነገር የለኝም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዘመኑ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሞባይል የሚባል ነገር ወደ እኛ ገና ያልደረሰበት። ካፋ ውስጥ፣ ቦንጋ ከተማ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አባቴ፣ ሰው ጋሽ ተክሌ የሚለው፣ በወጣትነቱ ከሸዋ መጥቶ ቦንጋ የከተመ ነጋዴ ነው፤ ጨርቅና ጨው ይሸጣል፣ ኮረሪማና ማር ይገዛል። እናቴ ከቤቷና ከቤተ ክርስቲያን በቀር መንገድ የማታውቅ ሴት ናት። እኔ አንድ ልጃቸው ነኝ። ከተማው ውስጥ አስቴር ብሎ የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነበር፤ ለሁሉም የጋሽ ተክሌ ልጅ ነበርኩ።

በየነን ያገኘሁት ጅማ፣ ለመምህራን በተሰጠ የክረምት ሥልጠና ላይ ነው። ከቦንጋ ወዲያ ባለችው በሺሺንዳ ከተማ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ትውልዱ ከማንኪራ ጫካ ማዶ እንደሆነ ነግሮኛል። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው። ስድስት ሳምንት አብረን ተማርን፤ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠን ቁርስ በላን፣ ምሳ በላን። ክረምቱ ሲያልቅ እሱ ወደ ሺሺንዳ፣ እኔ ወደ ቦንጋ ስንመለስ ደብዳቤ እንድንጻጻፍ ተስማማን። በእንግሊዝኛ እንዲሆን የፈለገው እሱ ነው። ቋንቋውን ማሻሻል ይፈልግ ነበር። ደግሞም ደብዳቤዎቻችን የሚመላለሱት በቅጥቅጥ አውቶቡስ፣ በሾፌሩ በጋሽ ሐሰን እጅ ነው፤ ጋሽ ሐሰን ፖስታ ሳይከፍት ማድረስ የሚሆንለት ሰው አልነበረም።

«ከፍቼ አየሁት ልጄ» ይለኛል ሳያፍር። «ሙሉውን አነበብኩት፣ አንዱም አልገባኝም። እንዲያው መልካም ነገር ይሁን።»

በየነ አንድ ነገር አስገድዶኛል። የጻፈውን ሳላርም እንዳልተወው። ስለዚህ ደብዳቤው ሲደርሰኝ ስህተቱን በቀይ አስተካክዬ፣ እንደ ተማሪ ደብተር ከአሥር ማርክ ሰጥቼ፣ ከመልሴ ጋር እልክለታለሁ። ሰባት ያገኘ ቀን በሚቀጥለው ደብዳቤ ላይ በግ እንደሚያርድ ጽፎ ነበር። በዚህ መልክ ዓመት ከመንፈቅ ሄድን። በወር አንዴ ወደ ቦንጋ ይመጣል። ሻይ ቤት እንግባ ስለው «ብንራመድ ይሻላል» ይላል፤ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን። ቁጥብ ሰው ነው ብዬ ወደድኩለት። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተን፣ እኔም ለወላጆቼ ስሙንና አገሩን ተናገርኩ።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ፣ በአንድ ሐሙስ ቀን፣ ጋሽ ሐሰን እንደ ወትሮው በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ፖስታ አቀበለኝ። ቀጭን ነበረች። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ ከፈትኳት። ስድስት መስመር ናት። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ አስቴር፣ ከዛሬ ጀምሮ ትቼሻለሁ። አትጻፊልኝ። ወደዚህም አትምጪ። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። የሚመጥንሽን ሰው ፈልጊ። ጎበዝ አስተማሪ ነሽ።

አጠገቤ የጂኦግራፊ መምህሩ ግርማ ተቀምጧል። የእኛን ጨዋታ ያውቃል፤ ቀይ እስክሪብቶ የሚያበድረኝም እሱ ነው።

«የሺሺንዳው ተማሪሽ ዛሬ ስንት አመጣ?» አለኝ።

አራት አልኩት። ደወል ተደወለ፣ ክፍል ገባሁ፣ አርባ ደቂቃ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ ዛሬም አላውቅም። ተመልሼ ስመጣ ክፍሉ ባዶ ነበር። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ደብዳቤውን ማረም ጀመርኩ። ለምን እንዳደረግኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እጄ ከዚያ ሰው ደብዳቤ ጋር ሌላ ሥራ ስለማያውቅ ይመስለኛል። «ትቼሻለሁ» የሚለውን ሲጽፍ «ዊዝ»ን ዘልሏታል፤ አስገባኋት። አንድ የግሥ ጊዜ አስተካከልኩለት፣ ሁለት ፊደል ጨመርኩለት። ግርጌው ላይ ለተማሪዎቼ የምጽፈውን ጻፍኩለት። ምክንያቱ አልተጻፈም። ከአሥር አራት።

ዓርብን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልተርክም። ሌላ ሴት ናት ብዬ ነበር፤ መልክ ሰጠኋት፣ ቁመት ሰጠኋት። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። ቅዳሜ ጠዋት የጓደኛ ልጅ ክርስትና አለብኝ ብዬ በጋሽ ሐሰን መኪና ተሳፈርኩ። ጋሽ ሐሰን በመስታወቱ እያየኝ፣ ዛሬ ደብዳቤው ራሱ መጣ ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ።

መንገዱ ጭቃ ነበር። ሺሺንዳ ስንደርስ ቀትር ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፤ ዝናቡም አላቆመም። ጋሽ ሐሰን ከሰዓት በኋላ ተመልሶ እንደሚያልፍ፣ ጥሩምባ ሲነፋ እንድወጣ ነግሮኝ ሄደ። ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቷ እትዬ ብርቄ ይባላሉ። ወፍራም፣ ደግ ፊት ያላቸው ሴት ናቸው፤ ጥላዬን ተቀብለው ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡኝና ሻይ ቀዱልኝ። ከቦንጋ እንደመጣሁና መምህር በየነን እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«ውይ፣ ቲቸርን?» አሉ። «አሁን ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ሻዩን ሳይጠጣ አይሄድም። እኔ እንደ ሌሎቹ አልከለክለው። ስኳርም አልነፍገው፣ መቼም የተማረ ልጅ ነው። ያውልሽ ጣሳው።»

በበሩ በኩል ወደ ውጭ ጠቆሙኝ። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ በግድግዳው ላይ በተመታ ሚስማር፣ አንዲት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተንጠልጥላለች። ለምን በብርጭቆ አይሰጡትም አልኳቸው። የእውነት አልገባኝም ነበር።

እትዬ ብርቄ ተገርመው አዩኝ። የቦንጋ ልጅ አይደለሽም እንዴ አሉኝና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በየነ ከነማን እንደሆነ ነገሩኝ።

የወገኑን ስም እዚህ አልጽፈውም። ባሌ ያን ስም እንደ ስድብ ሲሰማው ኖሯል፤ በእኔ እጅ አንድ ጊዜ እንዳይጨመርበት። የአገራችን ሰው ያውቀዋል። ለማያውቅ አንባቢ ግን ይህን ልበል፦ በካፋ ከጫካው ዳር የሚኖሩ፣ እንጨትና ከሰል ለከተማው የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ። አባቶቻቸው አዳኞች ነበሩ ይባላል። በልማዱ ሰው ቤት አይገቡም፣ ከሰው ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፣ የነኩት ዕቃ ወደ ቤት አይመለስም። በየስብሰባው ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት እናጨበጭብ ነበር። ከስብሰባው ወጥተን ግን እናቴ እንጨት የተሸከመችን ሴት ከአጥር ውጭ አቁማ ትገዛለች። ሴትዮዋ ውሃ ከጠየቀች መዳፎቿን አጋጥማ ትዘረጋለች፤ እኛ ከላይ እናፈስላታለን፣ ጆጎችን ጣቷን ሳይነካ። እኛ ስል እኔንም ማለቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አፍስሻለሁ። አንድም ቀን ክፉ ነገር እያደረግኩ መስሎኝ አያውቅም።

አሁን የማፍርበትን ልጻፍ፤ ይህን ካልጻፍኩ የቀረው ሐሰት ይሆናል። እትዬ ብርቄ ያን ስም ሲጠሩልኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። ጅማ ላይ የበላንበት ትሪ ነው የመጣብኝ። ሳላስበው ቀኝ እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ።

በዚህ መሃል በየነ መጣ። ፊቱን ወደ ውስጥ ሳያዞር ጣሳውን ራሱ ከሚስማሩ አወረደ፣ በዝናብ ውሃ አለቀለቀው፣ ዘረጋው። እትዬ ብርቄ ጀበናውን ሳይሆን ትልቁን የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዘው ወጡና ከከፍታ አፈሰሱለት። ሲያፈሱ የክንዳቸው አነሳስ የእናቴ ነበር። የእኔም ነበር። ጣሳውን ወደ አፉ ሲወስድ በጠርዙ በኩል አየኝ።

ወዲያው አልተነሳሁም። በብርጭቆዬ ውስጥ ግማሽ ሻይ ነበረኝ፤ ጨርሼው ወጣሁ። ለምን እንደጨረስኩት አላውቅም። ባሌ በሕይወት እያለ ይቅርታ ያልጠየቅኩበት ነገር ቢኖር ያ ግማሽ ሻይ ነው።

ከክፈፉ ሥር፣ በመካከላችን አንድ ክንድ ያህል ቦታ ትተን ቆምን።

«ደብዳቤው አልደረሰሽም?» አለኝ።

«አርሜ አመጣሁልህ።»

ተቀብሎ በዝግታ አነበበው። የከንፈሩ ጫፍ ተንቀሳቀሰ።

«አራት» አለ። «ከባለፈው በሦስት ወረድኩ።»

«ምክንያቱ አልተጻፈም።»

ጣሳውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «በይ አሁን ሙሉ ማርክ ስጪኝ።»

ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። ጅማ ላይ በመጀመሪያው ቀን ሊነግረኝ አስቦ እንደነበር ነገረኝ። «ቁርስ ሲመጣ እጅሽን ዘርግተሽ ከኔ በኩል ቆረስሽ» አለ። «ከፊቴ። ሳታስቢበት። ከዚያ በኋላ አፌ እምቢ አለኝ።»

ይህን ደብዳቤ ከልብህ ነው የጻፍከው ወይ አልኩት። ቃል ስለሰጠሁ እሱን አትጠይቂኝ አለ። ለማን ቃል እንደሰጠ ብለምነው አልነግርሽም አለኝ። ያን ጊዜ «ምንም ለውጥ የለውም፣ እወድሃለሁ» ማለት ነበረብኝ። ቃሉን በሁለት ቋንቋ አውቀዋለሁ። አልወጣም። ዓይኔ ከጣሳው ላይ አልነሳ ብሎኝ ነበር፤ እሱም ዓይኔን ያያል።

«ሂጂ አስቱ» አለኝ። «አልቀየምሽም። ያደግሽበት ነው፤ እኔም ያደግኩበት ነው። ግን እንዲህ ቆመሽ ስታዪኝ ከሌላው ሰው ሁሉ ያንቺ ያመኛል።»

የጋሽ ሐሰን ጥሩምባ ተነፋ። ሄድኩ። በዚያ ቀን ማን ማንን ተወ ተብዬ ብጠየቅ መልሱ ደብዳቤው ላይ ካለው የተለየ ነው፤ የተውኩት እኔ ነኝ። እስከ ቦንጋ ድረስ መስኮቱን እያየሁ መጣሁ። ጋሽ ሐሰን አንድም ቀልድ አልቀለደብኝም።

እሑድ እናትና አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ አባቴ በረንዳው ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። አንዲት አሮጊት ከወገቧ ጎንበስ ብላ እንጨት ተሸክማ በአጥሩ ዳር መጣች። እናቴ ተደራድራ ገዛቻት። ሴትዮዋ ሸክሟን አውርዳ ላቧን ጠረገችና ውሃ ለመነች። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ስጫት» አለችኝ።

ጆጉን ይዤ ሄድኩ። ሴትዮዋ ፊቴን ሳታይ፣ ምንም ሳልላት፣ ሁለት መዳፎቿን አጋጥማ ከአገጯ ሥር ዘረጋች። እንዴት ያለ የለመደ እጅ ነበር። ጣቶቿ መሃል አንዲት ጠብታ እንኳ የሚያሳልፍ ክፍተት አልነበረም። ምን ያህል ጊዜ ብትጠጣበት ነው እንዲህ የገጠመው ብዬ አሰብኩ። ጆጉን አነሳሁ፤ ክንዴ እዚያው ቀረ። ማፍሰስ አቃተኝ።

ወደ ቤት ተመልሼ ብርጭቆ አመጣሁ፣ ሞላሁት፣ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ብርጭቆውን አይታ፣ እናቴን አይታ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ተይ ልጄ» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ። «እናትሽ ይቆጣል። እኔ ላይ ነው የሚቆጣ።»

ትክክል ነበረች። ቸርነቴን በእሷ ራስ ላይ ነበር የማደርገው። ብርጭቆውን ራሴ ግማሹን ጠጣሁና እንደገና ሰጠኋት። ጥማቱ በልጧት ይሁን አዝናልኝ፣ ተቀበለችኝ፤ ፊቷን አዙራ ጨለጠችው። መልሳ ስትሰጠኝ በነጠላዋ ጫፍ ጠርዙን ጠርጋ ነው። ከዚያ ቸኩላ ሄደች።

እናቴ መጥታ ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደችና ከአጥሩ ውጭ ወደ ቦዩ ወረወረችው። አልጮኸችም። እንዲህ ብቻ አለች።

«ይህንንም ያስተማረሽ ያ መምህር ነው?»

ልብ በሉ፣ እኔ ስለ በየነ ከስሙና ከአገሩ በቀር ለማንም ምንም አልተናገርኩም። ሺሺንዳ መሄዴንም አታውቅም። ማን ነገረሽ አልኳት። ወደ አባቴ አየች።

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። ከዚያ ሳይደብቅ ነገረኝ፤ መደበቅ አይችልበትም ነበር። ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት እንደ ማንኛውም አባት ዘር አጣርቷል። ወደ ማንኪራ ሰው ልኮ፣ የበየነ እናትና አባት እነማን እንደሆኑ አውቋል። ከዚያ ኮረሪማ ሊገዛ ነው ብሎን ራሱ ሺሺንዳ ሄዷል። በየነን አስጠርቶ ልጄን ከወደድካት ተዋት ብሎታል። እኔ አልድርህም ብል እልኸኛ ናት፣ አትሰማኝም፤ አንተ ከተውካት ግን ትቆርጣለች። ደብዳቤ ጻፍላት፣ ምክንያቱን እንዳትነግራት፣ የሚመጥንሽን ፈልጊ በላት። ቃል አስገብቶታል።

«እሱስ ምን አለህ?» አልኩት።

«እሺ ጋሽ ተክሌ አለኝ። ሌላ አንድ ቃል አልመለሰም።» ከዚያ «ጨዋ ልጅ ነው» አለ። «ዘሩ ሌላ ቢሆን...»

«የት ቁጭ ብላችሁ ነው የተነጋገራችሁት?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። ቆመው ነበር። መንገድ ላይ።

እሱ በቆመበት የአባቴን ቃል ተቀብሎ፣ ተራ በተራ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እንደላከልኝ ያን ጊዜ ገባኝ። በስድስቱ መስመር ውስጥ የራሱ የሆነው የመጨረሻው ብቻ ነበር። ጎበዝ አስተማሪ ነሽ የሚለው።

ሰኞ ክፍል ነበረኝ፤ አስተማርኩ። ዳይሬክተሩን የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩት። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሻንጣ ይዤ ስወጣ እናቴ አልቅሳ ከመኝታ ቤት አልወጣችም። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ እዚያ ማዕድ ላይ ከቀረብሽ እዚህኛው ላይ አትመለሽም አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያውቀውን ደንብ ነው የነገረኝ።

ሺሺንዳ ትምህርት ቤት ስደርስ በየነ ክፍል ውስጥ ነበር። በመስኮት አይቶኝ ጠመኔውን እንደያዘ ወጣ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን አስግገው ያዩናል።

«ምን ረስተሽ ነው?» አለኝ።

«ማርክህን ልቀይር መጣሁ። አራት አይገባህም።»

«ስንት ይገባኛል?»

«ዜሮ። የሰው ድርሰት ገልብጠህ ነው ያስረከብከኝ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ እጁን አፉ ላይ አደረገ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፣ አልነበረም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አባቴን እንዳልቀየም ለመነኝ፣ እሱ ያለው ልጁን ስለሚወድ ነው አለኝ። ከዚያ የሚጠብቀኝን አንድ በአንድ ነገረኝ። ቤት የሚያከራየን አናገኝም። ሠርግ የሚጠራሽ የለም። ለቅሶ ቤት ብትሄጂ ለብቻሽ ነው የምትቀመጪበት ቦታ የሚሰጡሽ።

«ለብቻዬ?» አልኩት። «አንተ የት ሄደህ?»

አንባቢዎቼ፣ ሁሉም እንዳለው ሆነ። በሁለት ምስክር ተጋባን፤ እኔም ወደ ሺሺንዳ ተዛወርኩ። በእትዬ ብርቄ ግድግዳ ላይ ሁለተኛ ሚስማር ተመታ፣ ለእኔም ጣሳ ተንጠለጠለልኝ፤ ስኳር ግን ነፍገውኝ አያውቁም። በአምስተኛው ዓመት ወደ ቦንጋ ተዛወርን። ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንሳሳማለን፤ ቤቴ ግን አልገባችም፣ ቤቷም አልጠራችኝም። አባቴ ሲሞት ከድንኳኑ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩት። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። አሥራ ስድስት ዓመት፣ ሁለታችን ብቻ፣ በአንድ ትሪ በላን። ከዚያ ጉበቱን ታመመ፤ በሰባት ሳምንት ውስጥ አለቀ።

ሰው ይህን ታሪክ ስነግረው ጀግና ነሽ ይለኛል። አይደለሁም። ቅዳሜ ጥዬው ሄጃለሁ፤ ያችን ቅዳሜ እሱ አንድም ቀን አላነሳብኝም፣ እኔ ግን አልረሳኋትም። ከዚያች ቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ያሉት አራት ቀኖች የለወጡኝ ደፋር በማድረግ አይደለም። እጄን እንድጠራጠር አደረጉኝ። ሳላስብበት የሚሠራውን፣ የተማረውን፣ ንጹሕ የመሰለኝን እጄን። እናንተም ሳታስቡበት ክንዳችሁን የምታነሱበት ነገር ካለ አንድ ጊዜ እዚያው አየር ላይ አቁሙትና እዩት። ሌላ ምክር የለኝም።

ያች ተማሪዬ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሌላ ነገር ጠይቃኝ ነበር፤ እስካሁን አልጻፍኩትም። ሞት ሲለያይስ «ብሬክ አፕ» ይባላል ወይ አለችኝ። አይባልም አልኳት። ያን ቃል ለመጠቀም ቢያንስ ከሁለቱ አንዱ መሄድ መፈለግ አለበት። ለእኔ ሁኔታ እንግሊዞቹም ቃል የላቸውም፤ እኛም የለንም።

ሲቀበር የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉልኝ። የትምህርት ቤት ባልደረቦቹ መጡ፣ የቀድሞ ተማሪዎቹ ከሺሺንዳ በመኪና ተጭነው መጡ። ከዘመዶቹ ጋር በአንድ ወገን የተቀመጠም ነበር፣ በሌላው ወገን የተቀመጠም ነበር፤ ሁሉም ተለውጧል ብዬ አልዋሽም። በሦስተኛው ቀን እናቴ መጣች። እያነከሰች አጥሩን አልፋ፣ ድንኳኑን አልፋ፣ በሩን አልፋ ገባች። የበየነ እናት ቆጮ ቆርሰው አቀረቡላት። እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው፤ በላች። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በየነ ከውጭ ገብቶ ይህን እንዲያይ በሩን በሩን ነበር የማየው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትመጣለች። የቀረበላትን ትበላለች፣ በቀረበላት ትጠጣለች፣ ስለ ጉልበቷ ታወራኛለች። የምትቀመጠው በእሱ ወንበር ላይ ነው። አትቀመጪ አልላትም። እንግዳ የማይመጣበት ቤት ስለነበር፣ ስንጋባ የገዛነው ሁለት ወንበር ብቻ ነው።